የፍልውሃው አገሩ ደጋ ነው

ከሞጆ መገንጠያ ወደ ደቡብ የሚታጠፍ መንገደኛ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ መግባቱን ሳያውቅ ይገባል። በዚህ በኩል እንደ ጣርማ በር ያለ ጆሮ የሚደፍን ቁልቁለት የለም። መሬቱ ከአዲስ አበባ ጀምሮ በቢሾፍቱ በኩል ደረጃ በደረጃ ሲወርድ ይመጣና ቆቃን አልፎ መቂ ሲደርስ ሜዳው ይሰፋል፣ ዛፉ ግራር ይሆናል፣ አፈሩም አመድማ መልክ ይይዛል። ከዚያ እስከ ሻሸመኔ ያለው መንገድ ለሚያስተውል ሰው ትልቅ መጽሐፍ ነው። በግራ ዝዋይ አለ፤ የጥንት ስሙን ለሚወድ ደንበል። ከዝዋይ ቀጥሎ ከጎኖቹ እንፋሎት የሚያወጣው የአሉቶ ተራራ፣ ከተራራው ሥር ቡናማው ላንጋኖ ይመጣል። በቀኝ ከዓመት ዓመት ከዳርቻው እየሸሸ ያለው አቢጃታ፣ ከእሱ ጀርባ ደግሞ 266 ሜትር የሚጠልቀው ሻላ ተኝቷል። በላንጋኖ ሰሜናዊ ዳር በኦይቱ፣ በሻላም ዳርቻ ውሃው ከመሬት እየፈላ ይወጣል። ይህን ሁሉ ያየ ሰው «ከሥሩ እሳት ያለበት አገር» ቢል አይፈረድበትም፤ እሳቱ አለና። ነገር ግን አባባሉ ግማሹን ብቻ ይናገራል። ፍልውሃው ከሥር ያገኘው ሙቀቱን ነው። ውሃው የደጋ ዝናብ ነው፤ ሁለቱን ያገናኛቸው ደግሞ ስንጥቁ ነው። ይህን የተቀበለ ሰው ስለ ሐይቆቹም፣ ስለ እንፋሎት ኤሌክትሪኩም፣ ስለሚጠጣው ውሃም እንደ ቀድሞው ሊያስብ አይችልም።

ከስንጥቁ እንጀምር። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ የፈሰሰው ባዛልት ንብር በንብር ተደራርቦ የሰሜኑን አምባዎች ሠራ። ከዚያ ወዲህ የአፍሪካ አህጉር በምሥራቅ ወገኑ ለሁለት እየተከፈለ ነው፤ የጂኦሎጂ ሰዎች ምዕራባዊውን ክፍል ኑቢያ፣ ምሥራቃዊውን ሶማሊያ ይሉታል። በመካከላቸው ያለው ቅርፊት እየተሳበ ሳሳ፣ እየሳሳ ሰመጠ። የጉራጌ ተራሮች በአንድ ወገን፣ የአርሲዎቹ በሌላ ወገን እንደ በር መቃን ቆመው የቀሩት በዚህ ምክንያት ነው። መራራቁ በዓመት 5 ሚሊሜትር ገደማ፣ የአንዲት ስንዴ ፍሬ ያህል ነው። ትንሽ ቢመስልም ከዐድዋ ድል ወዲህ ብቻ ሁለቱ መቃኖች 60 ሴንቲሜትር ያህል ተራርቀዋል ማለት ነው። መጀመሪያ መሬቱ የሚሰነጠቀው በዳርና በዳሩ በትልልቆቹ ገደሎች ግርጌ ነበር። ከ2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ ግን ሥራው በአብዛኛው ወደ ወለሉ መሐል ገብቷል፤ ጎን ለጎን የተሰለፉ አጫጭር ስንጥቆች ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ እንደ መቀነት ሸለቆውን ያቋርጡታል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ያስተምር የነበረው የጂኦሎጂ ሊቅ ፖል ሞር ይህን መቀነት በወንጂ ስም ጠራው። ለአብዛኞቻችን ወንጂ ስኳር ነው፤ ለጂኦሎጂ ሰዎች ግን አህጉር የሚተረተርበት መስመር ነው። መተርተሩም ያለፈ ታሪክ አይደለም። ከ2017 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ የተከታተለው የመሬት መንቀጥቀጥ የአዲስ አበባን ፎቆች እስኪያወዛውዝ ደርሶ፣ በአፋርና በኦሮሚያ ብዙ ሺህ ሰው ከቀየው አስለቅቋል። ከሥር ቅልጥ አለት ስንጥቁን እየከፈተ ይገባ ነበር። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ዶፈን ላይ የታየው ነገር ለያዝነው ጉዳይ ትልቅ ምስክር ነው። ቅልጥ አለት ፊቱን አላሳየም፤ በከፍተኛ ግፊት እየተተኮሰ የወጣው እንፋሎት፣ አቧራና ድንጋይ ነበር። እሳቱ ከታች እንደቀረ፣ ከላይ የነበረው ውሃ ተናገረለት።

ፍልውሃዎቹን በካርታ ላይ በነጥብ ያስቀመጠ ሰው ነጥቦቹ እንዲሁ ተዘርተው አያገኛቸውም፤ ስንጥቁን ተከትለው ይሰለፋሉ። አዲስ አበባን ከተማ ያደረጋት የፊንፊኔው ፍልውሃ እንኳ ከሸለቆው ዳር ባለ ስንጥቅ ላይ ነው የሚፈልቀው። ከሁሉ የጠራው ማስረጃ ግን የአሉቶው ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ እዚያ ስምንት የሙከራ ጉድጓዶች ተቆፍረዋል። ከተራራው ግርጌ የተቆፈሩት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጥልቀታቸው ከ1 ሺህ ሜትር ቢያልፍም ለኤሌክትሪክ የሚበቃ ሙቀት አላገኙም። በተራራው አናት፣ የወንጂ መቀነት በሚያልፍበት መስመር ላይ የተቆፈሩት ግን ወደ ታች ከ2 ሺህ ሜትር ሲያልፉ ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሆነ ፍል አጋጠማቸው። ተራራው ያው ነው፣ ርቀቱም በእግር የሚሄዱት ነው። ልዩነቱን ያመጣው እሳቱ ከሥር መኖሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ በሁለቱም ቦታ ሙቀቱ ተቀራራቢ በሆነ ነበር። አንዱን ጉድጓድ እሳት ሌላውን ለብ ያለ ያደረገው ውሃ የሚወርድበትና የሚወጣበት መንገድ መኖር አለመኖሩ ነው። የዚህን መገናኘት የከፋ መልክ ማየት የፈለገ ወደ ኋላ ተመልሶ የቢሾፍቱን ሐይቆች ይመልከት። ወደ ላይ የሚወጣ ቅልጥ አለት ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ድንገት ሲጋጠም ውሃው በቅጽበት ተንኖ መሬቱን አፈነዳው፤ የቀረው ጉድጓድ ዛሬ ሰው ጀልባ የሚቀዝፍበት ሐይቅ ሆኗል። በቢሾፍቱ በፍንዳታ የሆነው በላንጋኖ ዳር በዝግታና በትዕግሥት ይሆናል።

አሁን ዋናው ተቃውሞ ይመጣል፤ መመለስም ያለበት በማስረጃ ነው። ውሃው የዝናብ መሆኑ በምን ታወቀ? ቅልጥ አለት በራሱ ውስጥ ውሃ አለው፤ ሲቀዘቅዝ ይለቀዋል። እንግዲያስ ፍልውሃው የራሱ የእሳቱ ላብ ቢሆንስ? ይህ ግምት ለረጅም ጊዜ የተከበሩ ሳይንቲስቶችም ግምት ነበር። የፈታው ውሃው ራሱ የሚይዘው መታወቂያ ነው። ሃይድሮጂንም ኦክስጅንም ክብደታቸው የሚለያይ አቶሞች አሏቸው፤ አይሶቶፕ የሚባሉት ናቸው። ደመና ወደ ተራራ እየወጣ ሲዘንብ ከባዶቹን ቀድሞ ይጥላል፤ ስለዚህ በ3 ሺህ ሜትር ላይ የወረደ ዝናብ በ1 ሺህ 600 ሜትር ላይ ከወረደው ይልቅ ከባድ አቶሞቹ ያነሱ ናቸው። በሐይቅ ላይ ፀሐይ የመታው ውሃ ደግሞ በተቃራኒው ቀላሉ ይተንና ከባዱ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1961 አሜሪካዊው ሃርሞን ክሬግ የዓለም ዝናብ ሁሉ በሁለቱ አይሶቶፖች መካከል አንድ ቋሚ ዝምድና እንዳለው አሳየ። በ1970ዎቹ ደግሞ እሱና ባልደረቦቹ የኢትዮጵያን የስምጥ ሸለቆ ፍልውሃዎች በዚሁ ሚዛን መዘኑ። በጥልቅ ግለው የሚወጡት ውሃዎች ኦክስጅናቸው ከጋለ ድንጋይ ጋር በመለዋወጥ ትንሽ ፈቀቅ ይላል፤ ድንጋይ በኦክስጅን የተሞላ ነውና። ሃይድሮጂን ግን በድንጋይ ውስጥ እምብዛም ስለሌለ የሚለዋወጠው የለም፤ ትውልዱን ሳይረሳ ይመለሳል። የሚያወጋውም የደጋ ዝናብ መሆኑን ነው። በአንዳንዶቹ ፍልውሃዎች ላይ በፀሐይ የተነነ የሐይቅ ውሃ ምልክት ተቀላቅሎ ይገኛል፤ ይህ ግን ነገሩን አያፈርሰውም፤ ሐይቁ ራሱ ከደጋ የወረደ ወንዝ ነውና። ለተቃዋሚው መስጠት ያለብን እውነትም አለ። ከእነዚሁ ምንጮች ጋር የሚወጣው ሂሊየም የተባለ ጋዝ ከመሬት ቅርፊት በታች ካለው ጥልቅ ክፍል እንደሚመጣ የራሱ አይሶቶፕ ይመሰክራል። ስለዚህ እሳቱ ትንፋሹን ይልካል፤ ውሃውን ግን ከላይ ይቀበላል።

ዝናብ ከሆነማ ለምን እንደ ዝናብ አይጠጣም? የፍልውሃው ጣዕም፣ ሽታውና ጨውነቱ የሌላ ዓለም ውሃ ያስመስለዋል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም በመንገዱ ዳር ተዘርግቶ ይታያል። የሸለቆው ወለል በአብዛኛው የተነጠፈው ፈንድቶ በወጣና ፈጥኖ በቀዘቀዘ ድንጋይ ነው፦ ለብሎኬት የሚጫነው ቀላሉ ፑሚስ፣ የተጋገረው አመድ፣ የሚያብረቀርቀው ጥቁር ባልጩት። ፈጥነው ስለቀዘቀዙ መስታወትነት አላቸው፤ መስታወት ደግሞ በሙቅ ውሃ ሲነካ በቀላሉ ይሟሟል። በውስጡ ያለው ሶዲየምና ፍሎራይድ ወደ ውሃው ይገባል። ፍሎራይድን አስሮ ሊያዘቅጥ የሚችለው ካልሲየም ነበር፤ ካልሲየሙ ግን በእንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ ቀድሞ በኖራ መልክ ስለሚዘቅጥ ፍሎራይዱ ያለ ጠባቂ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የሚመክረው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በሸለቆው ወለል ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ። ይህ የኬሚስትሪ ወሬ ብቻ አይደለም። በወንጂ ሸዋ የሸንኮራ እርሻ የጉድጓድ ውሃ ለዓመታት የጠጡ ሠራተኞች አጥንታቸው ደድሮ ጀርባቸው ሲጎብጥ፣ እዚያ ተወልደው ያደጉ ልጆች ጥርሳቸው ሲበልዝ ሐኪሞች መዝግበዋል። ከአርሲ ተራራ ጎን የሚቀዳ ሰውና ከሸለቆው ወለል የሚቀዳ ሰው ውሃቸው የአንድ ደመና ልጅ ነው፤ አንዱ ከምንጩ ቀዳው፣ ሌላው ረጅሙን የመስታወት መንገድ ከተጓዘ በኋላ አገኘው። ለዚህ ነው ለቆላው ከተማ የደጋውን ምንጭ በቧንቧ ማውረድ ከመልካም ፈቃድ ሥራ በላይ የሚሆነው። ዝናቡን መንገዱን አሳጥሮ መቀበል ነው።

ሌላው ተቃውሞ ቀላል ነው፤ ቶሎ እንለፈው። ወለሉም እኮ ይዘንብበታል፤ ለምን ደጋ ድረስ እንሄዳለን? ይዘንባል፤ ነገር ግን በወለሉ ላይ ፀሐይ በዓመት ልታተን የምትችለው ውሃ ከሚዘንበው በእጥፍና ከዚያ በላይ ነው። ከ4 ሺህ ሜትር በላይ የሚነሱት የአርሲ ተራሮች ጭላሎና ካካ፣ ከማዶም የጉራጌ ተራሮች ባይኖሩ ኖሮ ዝዋይ ሐይቅ ሳይሆን የጨው ሜዳ ይሆን ነበር። ሐይቁን የሚያኖሩት ከአርሲ የሚወርደው ቀታርና ከጉራጌ የሚወርደው መቂ ናቸው። ከ10 ሺህ እስከ 5 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በነበረው ዝናባም ዘመን ምን እንደሆነ የሸለቆው ዳርቻ ይናገራል። ዛሬ አራት የሆኑት ሐይቆች ያን ጊዜ አንድ ነበሩ፤ የውሃው ከፍታ 1 ሺህ 670 ሜትር ደርሶ፣ ከዛሬው የሻላ ገጽ ከ100 ሜትር በላይ በልጦ፣ ትርፉ በሰሜን በኩል ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። ያ ሐይቅ ትቷቸው የሄደው እርከኖች፣ ነጭ ዲያቶማይትና የቀንድ አውጣ ዛጎል ዛሬ ፍየል በሚሰማራበት ደረቅ መሬት ላይ ይገኛሉ። በእነዚያ አምስት ሺህ ዓመታት እሳቱ አልጨመረም፣ ስንጥቁም ከ25 ሜትር በላይ አልሰፋም። የተለወጠው ዝናቡ ነው። ለሰው ዘር ታሪክም ይህ ሸለቆ የቆየ ቤት ነው። ከዝዋይ በስተ ምዕራብ በጋደሞታ የተገኙት የባልጩት መሣሪያዎች ከ270 ሺህ ዓመት በላይ የቆዩ ናቸው፤ ሻላ የተኛበት ካልዴራ ግን በታላቅ ፍንዳታ ተደርምሶ የተፈጠረው ከ240 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው። ሰው ባልጩት እየጠረበ ሲኖር የሻላ ጥልቅ ጉድጓድ ገና አልነበረም። እንዲህ ያለውን ቅደም ተከተል ሳስብ፣ ተፈጥሮ ያለቀ መድረክ ነው፣ እኛ ኋላ የመጣን ተዋንያን ነን የሚለው ልማድ ይከብደኛል።

ወደ አቢጃታ ስንደርስ ክርክሩ ይሞቃል። ይህ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ 200 ካሬ ኪሎሜትር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከግማሹ በላይ ሄዷል። ዓሣው አልቋል። በሻላ ደሴት ጎጆ ሠርተው በየዕለቱ ወደ አቢጃታ ለአደን ይበሩ የነበሩት ነጫጭ ይብራዎች ማዕዳቸው ታጠፈ። ምክንያቱ ሲጠየቅ፣ መሬቱ የሚንቀሳቀስ ስለሆነ ስንጥቁ ውሃውን ዋጠው የሚል መልስ ይሰማል። መልሱ ለሁሉም ይመቻል፤ ማንንም ተጠያቂ አያደርግምና። ግን ጎረቤቱን ሻላን እንመልከት። የሚለያቸው ጠባብ የመሬት አንገት ነው፣ ስንጥቁም መንቀጥቀጡም የጋራቸው ነው። ላንጋኖም ከዚያው መቀነት ላይ ነው። ሁለቱ እንደ አቢጃታ አልሸሹም። አቢጃታ ከእነሱ የሚለየው ኑሮው በዝዋይ ትርፍ ላይ መሆኑ ነው። ከዝዋይ ተርፎ በቡልቡላ ወንዝ የሚወርደው ውሃ ነበር ዋና ቀለቡ። ከዝዋይና ከገባሮቹ ለመስኖ የሚሳበው ሲበዛ፣ ከራሱ ከአቢጃታም ውሃ ለሶዳ አመድ ማምረቻ ሲቀዳ፣ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ መሸሽ ነበረበት። መተሐራ አጠገብ ያለው በሰቃ ግን ተቃራኒውን ያሳያል ይባል ይሆናል። እሱ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከ3 ካሬ ኪሎሜትር ብዙም የማይበልጥ ኩሬ ነበር፤ አሁን ከ40 በላይ ሆኖ መንገዱንና ሐዲዱን እስከ ማስጨነቅ ደርሷል። ከሥሩ ፍልውሃ ይገባለታል፤ እና የበሰቃ ማደግ የእሳቱ ሥራ አይደለምን? ፍልውሃው ድርሻ ሊኖረው ይችላል። ሆኖም በሰቃ ማደግ የጀመረው በዙሪያው ሰፊ የመስኖ እርሻ ከተዘረጋ በኋላ ነው፤ ከማሳው የሚተርፈው የአዋሽ ውሃ በላይም በሥርም ወደ እሱ ያዘነብላል። አንዱ ሐይቅ ሲከሳ ሌላው ሲወፍር በሁለቱም ላይ የተለወጠው የዝናቡ ውሃ የሚሄድበት መንገድ ነው፤ ለዋጩም ሰው ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የእንፋሎቱ ነገር ነው። አሉቶ ላይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ 7 ሜጋዋት ገደማ የማመንጨት አቅም ያለው የአገሪቱ የመጀመሪያው የጂኦተርማል ጣቢያ ቆመ፤ ከዚያ ወዲህ በሸለቆው ሌሎች ተራሮችም ላይ ብዙ ታቅዷል። ሳተላይቶች አሉቶ እ.ኤ.አ. በ2004ና በ2008 እስከ 15 ሴንቲሜትር ድረስ አብጦ እንደነበር አይተዋል፤ ከሻላ በስተ ደቡብ ያለው ኮርቤቲም በየዓመቱ በሴንቲሜትር የሚለካ ከፍታ ሲጨምር ቆይቷል። ይህን የሰማ ሰው «ከሥር እሳቱ እስካለ እንፋሎቱ አያልቅም» ቢል ያሳምናል። እሳቱ በእኛ ዕድሜ እንደማያልቅ እውነት ነው። እንፋሎት ግን የጋለ ውሃ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ጋይዘርስ የሚባለው በዓለም ትልቁ የእንፋሎት መስክ ይህን በዋጋ ተምሮታል፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ብዙ ጣቢያ ተክለው እንፋሎቱን ሲያወጡት፣ ድንጋዩ እንደጋለ ሳለ ግፊቱ ወረደ። የጎደለው ውሃው ነበር። ከ1997 ጀምሮ ከአካባቢው፣ ከ2003 ጀምሮም ከሳንታ ሮዛ ከተማ የተጣራ ፍሳሽ በረጅም ቧንቧ እያመጡ ወደ መሬት ሲመልሱት የመስኩ መዳከም ጋብ አለ። ስለዚህ በስምጥ ሸለቆ ጉድጓድ ሲቆፈር የወጣውን ውሃ መልሶ ማስገባት እንደ ተጨማሪ ወጪ መቆጠር የለበትም። ሥራው ራሱ ያ ነው። የማሞቂያው ምድጃ ከታች ነው፤ ጋኑን የሚሞላው ግን የጭላሎ ክረምት ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከሁሉ የጠነከረ ይመስለኛል። በደጋ የሰረገ ጠብታ በጥልቁ ዞሮ ፍልውሃ ሆኖ እስኪወጣ ብዙ ትውልድ ያልፋል፤ ታዲያ ዛሬ በአርሲ ደን ቢመነጠር፣ ቀታር ቢገደብ ለላንጋኖው ፍልውሃ ምን ያገባዋል? ስለ ጠብታው ትክክል ነው። ስለ ግፊቱ ግን ትክክል አይደለም። ውሃ የሞላ ረጅም ቱቦ በአንድ ጫፍ ሲገፉት በሌላው ጫፍ የሚወጣው አሁን የገባው ውሃ አይደለም፤ የሚያስወጣው ግን የአሁኑ ግፊት ነው። ከጭላሎ አናት እስከ ዝዋይ ወለል ያለው ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ የከፍታ ልዩነት ነው ውሃውን በስንጥቁ ወደ ታች የሚገፋውና ግሎ ሲቀል ሽቅብ የሚያወጣው። የደጋው ከርሰ ምድር ውሃ ሲቀንስ ያ ግፊት በዝግታ ይላላል፤ ጥልቁ ፍልውሃ ይህን ለማሳየት ረጅም ዘመን ሊወስድ ይችላል። ለአቢጃታ ግን ሠላሳና አርባ ዓመት በቅቶታል።

ከአዳሚ ቱሉ ቀጥሎ፣ ቡልቡላ ከተማ ላይ፣ አውራ ጎዳናው በአጭር ድልድይ ወንዙን ይሻገራል። አብዛኛው መኪና ፍጥነቱን ሳይቀንስ ያልፈዋል። ወንዙ የጥንቱን ትልቅ ሐይቅ ወለል ሰርስሮ ስለወረደ ነጩ ደለል ንብር በንብር በግድግዳው ላይ ይነበባል። በስተ ግራ አሉቶ አለ፤ በቀዝቃዛ ማለዳ እንፋሎቱ ከሩቅ ይታያል። በስተ ቀኝ አቢጃታ ነው። ከድልድዩ በታች የሚያልፈው ከመቂና ከቀታር ወርዶ፣ ዝዋይ ውስጥ ሰንብቶ፣ ከውሃ መሳቢያዎቹ የተረፈው ነው፤ ክረምት ሲወጣ ደፍርሶ ይሞላል፣ በበጋ ደግሞ በአንዳንድ ዓመት ልጆች ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየዘለሉ ይሻገሩታል።